የአያ ደሴ ካምቢዮ ለምን ይቃጠል ነበር

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስነሳ ሥራዬ አንድ ሹፌር ጥፋተኛ ይሁን አይሁን አይቶ መጻፍ ነበር። ሹፌሩ አያ ደሴ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። እኔ የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ኃላፊ ነበርኩ። በጋራዡ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ "ካፖ" እያለ ነው፤ ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው፣ አለቃ ማለት። ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከዚያ ክፉ ድርቅ በኋላ ስድስት አዳዲስ የጭነት መኪኖች ከውጭ በእርዳታ መጡልን። ፍሪሲዮን የላቸውም። ማርሹን የሚቀይረው ካምቢዮው ራሱ ነው፤ ሹፌሩ ነዳጅና ፍሬን ብቻ ይረግጣል። እንዲህ ያለ የጭነት መኪና እኛ አገር ማን አይቶ ያውቃል? በጎንደር ፒያሳ ሲያልፉ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሹፌር ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይወጣ ነበር። ታዲያ በሁለት ወር ውስጥ የአያ ደሴ መኪና ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ግሎ ተቃጠለ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያወረድኩትና የሠራሁት እኔው ነኝ። አምስቱ መኪኖች ምንም አልሆኑም። ከመኪኖቹ ጋር የመጣው መለዋወጫም በዚሁ አለቀ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ቢቃጠል መኪናዋ ቆማ ትቀራለች።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሁለት ጊዜ ያቃጠለ ሰው አሻጥረኛ ይባላል። አርብ ኮሚቴ ሊቀመጥባቸው ተቀጠረ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና አብረህ ሂድ፣ አነዳዱን እይ፣ ያየኸውን በወረቀት አድርገህ ሐሙስ አምጣልኝ አለኝ። የኔ ወረቀት "አሻጥር" ካለ አያ ደሴ ከኮሚቴው ወጥተው የሚሄዱበት ቦታ ይታወቃል፤ ከዚያ መቼ እንደሚወጡ ግን የሚያውቅ የለም። እውነቱን ልናገርና፣ ስነሳም ጥፋቱ የሳቸው ነው ብዬ ነው የተነሳሁት። አሻጥር ነው አልልም፤ ሽማግሌው አዲሱን መኪና አልቻሉትም ባይ ነበርኩ።

ኬላው

የጫንነው ሰባ ኩንታል የገብስ ዘር ነው። ግንቦት ገብቷል፤ የደባርቅ ገበሬ ማሳውን አርሶ ዘሩን ይጠብቃል።

አያ ደሴ ጎህ ሲቀድ መጥተው መኪናዋን ዞረው ፈትሸዋል። ጎማውን በብረት እየመቱ አዳመጡ፤ ውሃውን፣ የሞተሩን ዘይት፣ የካምቢዮውን ዘይት አዩ። ሞተሩ ገና አልተነሳም። ይሄ የኔ ሕግ ነው፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም አጽፌዋለሁ፦ "ሞተር ሳይነሳ ዘይት ይታይ"። የሚበዛው ሹፌር ጽሑፉን ዞር ብሎም አያየውም። አያ ደሴ ግን አንድ ቀን ስተውት አያውቁም።

ከከተማው መውጫ ያለው ኬላ ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን አየና የሹፌሩን ክፍል ፈተሸ። ከመቀመጫው ኋላ አንድ የጨርቅ ቦርሳ አገኘ፤ ነጭ ጋቢ እና ሸሚዝ ነበረበት፣ መለሰው። ቀጥሎ ከመቀመጫው ሥር አንድ ጀሪካን ጎትቶ አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። አያ ደሴ የካምቢዮ ዘይት ነው ልጄ አሉት። ወታደሩ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ እለፉ አለን።

እኔ ግን ክው አልኩ። ያ ቀይ ዘይት የሚቀመጠው በኔ ቁልፍ ነው፤ የሚወጣው በኔ ፊርማ ነው። ለአያ ደሴ መኪና ካምቢዮ ከሞላሁት ውጪ አንዲት ጠብታ አልሰጠሁም። ታዲያ ግማሽ ጀሪካን ዘይት ከየት መጣ? ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። ሰውየው የካምቢዮውን ዘይት እየሰረቁ ነው። ኮሚቴው ይህን ቢያይ ሌላ ማስረጃ መች ይፈልጋል? ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ፤ መጀመሪያ አነዳዳቸውን ልይ ብዬ።

ኮሶዬ

መንገዱ ጠጠር ነው። ከጎንደር እንደወጣህ ዳገቱ ይጀምርና እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ባሕር ዛፉ ይሳሳል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ኮሶዬ ስትደርስ መሬቱ ከመንገዱ ዳር ተቆርጦ ይወርድና ታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ አየው ነበር።

አያ ደሴን ከጎን ሆኜ ስከታተል እንከን አጣሁባቸው። ነዳጁን የሚረግጡት በስሱ ነው፤ ከመጠምዘዣው በፊት ያበርዳሉ፣ ማርሹ እስኪቀየር ይታገሳሉ። እንዲያውም ከኔ የተሻሉ ነበሩ፣ ይሄ ደግሞ አበሳጨኝ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የካምቢዮው ሙቀት መለኪያ መርፌ መነሳት ጀመረ። ተነስቶ ተነስቶ ቀዩ ላይ ቆመ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ያ የማውቀው የተቃጠለ ሽታ መጣ። አያ ደሴ ጥጉን ያዙ፣ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ።

አሁን መናገር ነበረብኝ። ጀሪካኑን አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩና ይሄ ከየት መጣ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

"ምነው ካፖ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ያልከን?" አሉኝ። "ከምልክቱ በላይ ከሆነ ቀንሱ አልከን። ጠዋት ጠዋት ሳየው ሁልጊዜ በላይ ነው። በቱቦ እየሳብኩ ቀነስኩ። የመንግሥት ዘይት አይደፋም ብዬ አኖርኩት።"

ነገሩ ትዝ አለኝ። መኪኖቹ የመጡ ሰሞን ስድስቱን ሹፌሮች ሰብስቤ ግማሽ ቀን አስተምሬያቸዋለሁ። የመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ማናችንም በማንችለው ቋንቋ ነው፤ እኔ ሥዕሉን እያየሁ፣ እንደሚያውቅ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተረጎምኩላቸው። የካምቢዮው ዘይት ሲበዛ አረፋ ያወጣል፣ ሲያንስ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ መለኪያ ዘንጉን ምዘዙና እዩ፣ ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሀል ይሁን፣ ካለፈ ቀንሱ ብያለሁ። ብያለሁ! የሌብነቱ ነገር እዚያው በኖ ጠፋ፤ በሰውየው ላይ ክፉ በማሰቤም አፈርኩ።

ሐፍረቴ ግን ብዙ አልቆየም፤ ኩራቴ ቀደመው። ሞተሩ ጠፍቷልና ዘንጉን መዘዝኩ፣ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ ከትቼ አወጣሁ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሀል፣ ልክ ነው። እንግዲያው ዘይቱ ካልሆነ እግርዎ ነው አያ ደሴ አልኳቸው። ማስታወሻዬ ላይም "ዘይት ልክ፤ ጥፋቱ የአነዳድ" ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው እስክሪብቶዬን ያያሉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ካምቢዮው ሲበርድ ቁልፉን ተቀብዬ መሪውን እኔ ያዝኩ። እንዴት እንደሚነዳ ላሳያቸው ነው! ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ ሳልደርስ መርፌው ቀዩ ላይ ወጣ። አያ ደሴ ወደ ገደሉ ዞረው ቆላውን ያያሉ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትንሽ እየሄድን ብዙ እየቆምን ተጓዝን። አንዱ ቦታ ቆመን ሳለ ነጭ ሽንኩርት በአህያ የጫነ ገበሬ ደረሰብንና ምነው አያ፣ ማኪናው ደከመው እንዴ፣ ከፈለጋችሁ ጥቂቱን እኔ ልጫንላችሁ ብሎ አለፈን። ወጉ ሸጋ ነበር፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አምባ ጊዮርጊስ

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሌላ ጊዜ ለቁርስ የሚደረስባት ከተማ ናት። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሹፌሮች የሚያርፉት ወይዘሮ የሺ ምግብ ቤት ነው፤ የበግ ጥብስ በሁለት ብር፣ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም።

በሩ ላይ ከስድስቱ መኪኖች አንዷ ቆማለች፤ የሽፈራው ናት። ሞተሩ አልጠፋም፣ ጭሱ ቤቱ ውስጥ ይገባል። ወይዘሮ የሺ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ይራገማሉ። ሽፈራው ውስጥ ተቀምጦ ጥብሱን ይበላል።

ሽፈራው ከሹፌሮቼ ሁሉ ሰነፉ ነው፤ ይህን ፊቱ ላይም ብዬዋለሁ። መኪናውን ሲያጥብ ያየው ሰው የለም። ግን የሱ ካምቢዮ አንድ ቀን አልጋለም፤ ያን ቀንም ሰባ ኩንታል ጭኖ ያንኑ ኮሶዬን ወጥቶ መጥቷል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ የካምቢዮህን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው አልኩት። ሳቀ።

"ካፖ፣ አትቆጣኝና እውነቱን ልንገርህ። ዘንጉ የት እንዳለም አላውቅም። እንደመጣ ነው የምነዳው።"

መቆጣቱንስ እቆጣ ነበር፤ ግን ደክሞኛል። ለማወዳደር ያህል ያንተን ልየው ብዬ ተነሳሁ። ሞተሩን ላጥፋ ስል ሽፈራው ጥብሱን ጥሎ ሮጠ። ባትሪው ደክሟል፣ ካጠፋኸው አይነሳም አለኝ። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ደግሞ ተገፍቶ አይነሳም። ወይዘሮ የሺ ጭሱን የሚጠጡት በዚህ ምክንያት ነበር። እሺ ብዬ ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮው እንደጋለ ዘንጉን መዘዝኩ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መሀል።

ቆም አልኩ። የዚህ ልክ ነው፤ የአያ ደሴም ልክ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር፦ የሽፈራውን ያየሁት ሞተሩ እየሠራ ነው። ወደ አያ ደሴ መኪና ሄጄ እስቲ ያስነሱት አልኳቸው። ተነሳ። ዘንጉን መዝዤ ጠርጌ ከትቼ አወጣሁት። ደረቅ ነው። ደግሜ ከተትኩ፤ ደረቅ። ጫፉ እንኳ አልራሰም።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሞተሩ ሲነሳ ፖምፓው ዘይቱን ከሥር ስቦ በካምቢዮው ሆድና በቱቦዎቹ ሁሉ ይሞላዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ያ ሁሉ ዘይት ተመልሶ ወደ ታች ይወርድና ዘንጉ ላይ የበዛ ይመስላል። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ይለካል፤ ይህኛው ግን ሞተሩ እየሠራና ጋል ብሎ ነው የሚለካው። አያ ደሴ ጠዋት ጠዋት "ትርፍ" ነው ብለው የሳቡት ካምቢዮው የሚሠራበትን ዘይት ነበር። ዳገት ሲመጣ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ውስጡ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። እኔ ሠርቼ መጽሐፉ ላይ ባለው የሊትር ቁጥር እሞላለሁ፤ እሳቸው እኔ ባዘዝኳቸው መሠረት ይቀንሳሉ።

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሥዕሉን አየሁት። ዘንግ የያዘ እጅ፣ ከጎኑ ከጭስ ማውጫዋ ጭስ የሚወጣ መኪና። ይህን ሥዕል ለሹፌሮቹ የተረጎምኩት "ጋራዡን በጭስ አትሙሉ" ብዬ ነበር። ምነው ያን ቀን አፌ በተያዘ!

ያን ግማሽ ጀሪካን ዘይት ሞተሩ እየሠራ በማንቆርቆሪያ መለስነው። ትንሽ እያፈሰስን ዘንጉን እያየን፣ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ለአንድ ብርጭቆ አይሞላም። ሽፈራው ማንቆርቆሪያውን ይዞ እየሳቀ፣ ካፖ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስንፍናዬን በደመወዜ ላይ ጨምርልኝ አለኝ።

ደባርቅ

ዳባትን አልፈን ደባርቅ እስክንገባ መርፌው ከቦታው አልተነቃነቀም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ከደባርቅ ወዲያ ያለው መንገድ በወታደር ታጅቦ በኮንቮይ ካልሆነ አይኬድምና ከተማው በወታደር ተሞልቶ ነበር። መኪናዋን የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ አቆምናት፤ ዘሩ የሚራገፈው በማግስቱ ጠዋት ነው።

አያ ደሴ ውሃ ሊያመጡ ሲሄዱ ማስታወሻዬን አወጣሁ። የኮሶዬውን ሰርዤ በቦታው "ካምቢዮው የጋለው በዘይት ማነስ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ይሄ እውነት ነው፤ ቃል በቃል እውነት ነው። ዘይቱን ማን አሳነሰው? ሹፌሩ። ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብተወው እኔ ነፃ ነኝ፤ ልጆቼም አባት አላቸው። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፣ አልደብቅም።

አያ ደሴ ተመልሰው መጡ። የደባርቅ ብርድ መሽቶ ሳይጨርስ አጥንት ይገባል፤ ሽማግሌው በስስ ኮት ይንቀጠቀጣሉ። ቦርሳዎ ውስጥ ጋቢ አለ አይደለም እንዴ፣ ለምን አይደርቡትም አልኳቸው።

"እሱ ለአርብ ነው" አሉኝ። "ሲወስዱኝ በንጹሕ ልብስ ልግባ ብላ ባለቤቴ አጥባ ሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት ይዤው ወጣሁ፣ ገባሁ። እዚህ ላቆሽሸው አልፈልግም።"

ማስታወሻዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። አያ ደሴ ቀና ብለው ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

"ካፖ፣ እንግዲህ ማኪናውን ያቃጠልኩት እኔ አይደለሁም ማለት ነው?"

ለካ ሰውየው ራሳቸውም አያውቁም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እጄ አረጀ፣ ሥራዬ ከዳኝ እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል። እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ራሴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅሁ። እሳቸው ግን ገብቷቸዋል። "ተመስገን" አሉና ወደ መኪናዋ ዞረው ጎማውን መፈተሽ ጀመሩ። አልቀሱ መሰለኝ፤ ጀርባቸውን ስለሰጡኝ አላየሁም።

ጎንደር

ረቡዕ ጠዋት ገበሬዎቹ ዘሩን አራገፉ፤ አንዱ ሽማግሌ የገብሱን ፍሬ በጥርሱ ነክሶ ሸጋ ዘር ነው ብሎ መረቀን። ባዶ መኪና ይዘን አሥር ሰዓት ላይ ጎንደር ገባን።

ሪፖርቱን የጻፍኩት ያን ዕለት ማታ እራት ሳልበላ ነው። አንድ ገጽ አልሞላም፤ ሹፌሮቹን በስህተት ያስተማርኩት እኔ ነኝ ይላል። ባለቤቴ አስካለ አነበበችው፤ የተጻፈውን ስሜንም አየች። ይሄን ካስገባህ አንተን ቢወስዱህስ አለችኝ። ፈርቼ ነበር፤ ይህን ዛሬ ለመናገር አላፍርም። ወረቀቱን አጠፈችና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ። ከዚያ እራት አቀረበች።

አርብ ኮሚቴው ተቀመጠ። አያ ደሴ ቦርሳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ሪፖርቴን አንብቦ ቀና አለና፣ ያስተማርከው ስድስት ሰው ሆኖ ሳለ የአንዱ ብቻ እንዴት ተቃጠለ አለኝ።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ ከስድስቱ የሰሙኝ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው" አልኩት።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። ሆን ብለህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳላውቅ ነው፣ አውቃለሁ ብዬ ነው ያጠፋሁት አልኩ። አውቃለሁ ማለቴ ከአለማወቄ ይብሳል ብዬም ጨመርኩ። አስወጥተውን ብዙ ቆዩ። ሲያስገቡን አያ ደሴ በነፃ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ከጋራዥ ኃላፊነት ተነስቼ ጎማ ክፍል ተመደብኩ፤ ማስጠንቀቂያም ተጻፈብኝ። በዚያ ዘመን በዚህ መውጣት ምን ያህል ዕድል እንደሆነ ያ ዘመን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። አያ ደሴ በር ላይ ከቦርሳቸው ጋቢያቸውን አውጥተው ለበሱና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ጎማ ክፍል ተቀምጬ ካላማዳሪ ስለጥፍ አያ ደሴ መጡ። ወደ ዳባት ሊወጡ ነው፤ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ተነስቶ ቆማለች። ካፖ፣ ና እይልኝ፣ አንተ ሳታይልኝ አልወጣም አሉኝ። ካፖ አይደለሁም አያ ደሴ፣ ጎማ ለጣፊ ነኝ ብላቸውም አልሰሙኝም። የኮሚቴው ውሳኔ ያላሳፈረኝን ያህል ይሄ አሳፈረኝ፤ እስር ቤት አፋፍ ድረስ ያደረስኳቸው ሰው አሁንም የኔን ቃል ይጠብቃሉ።

እጄን ጠርጌ አብሬያቸው ሄድኩ። ሞተሩ እየሠራ ነው። እሳቸው ዘንጉን መዝዘው፣ ጠርገው፣ መልሰው ከትተው አወጡና ወደኔ ዘረጉት። አልተቀበልኳቸውም።

"እርስዎ ይዩትና እርስዎ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ዘንጉን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ልክ ነው አሉኝ፤ እኔም እንግዲያው ይውጡ አልኳቸው።